በትሩን ማን ይያዝ

ሲዳር ፖይንት፣ ጆርጂያ
ማርች 6 ቀን 1938

ለአክስቴ ልጅ ለሌሙኤል፤

ይህ ወረቀት ሲደርስህ በሁለት እግርህ ቆመህ፣ ጥርስህ ሳይጎድል፣ ትራምፔትህም ሳይሰረቅ ያግኝህ። እኛ ጌታ ይመስገን አለን፤ መኖር ከተባለ።

ባለፈው ለጻፍኩልህ መልስ አልሰጠህም። ከዚያ በፊት ለጻፍኩትም እንደዚሁ። ኒው ዮርክ ውስጥ ቀለም ጠፍቷል እንዴ? እኔ ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ የኦይስተር ዛጎል ስፈለቅቅ ውዬ፣ ጣቶቼ በቅርፊቱ ተተልትለው፣ ሲመሽ ብዕር እይዛለሁ። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ እንድታፍር ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ልንገርህ። የአባባ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሾርባ ከሳህኑ ወደ አፋቸው ሳይደርስ ደረታቸው ላይ ይቀራል። እሱስ ይሁን፤ ደረት ይታጠባል። ዋናው ነገር የዋዜማው ነው። ዲሴምበር ማለቂያ ላይ አዲሱን ዓመት ለመቀበል በጸሎት ቤቱ ተሰብስበን፣ በበትር ምት እየዞርን የምንዘምረው ዙር ሲጀመር፣ አባባ እንደ ወትሯቸው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ወለሉን በበትሩ መምታት ያዙ። መሃል ላይ በትሩ ከእጃቸው አምልጦ ወደቀ። ዘማሪው ዝም አለ፣ የሚያጨበጭቡት እጃቸው አየር ላይ ቀረ፣ የሚዞሩት ሴቶች ባሉበት ቆሙ። አባቴን ዕድሜዬን ሙሉ አውቃቸዋለሁ። ሲያፍሩ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።

የዲያቆኑ ልጅ ሃምፕ ዘሎ አነሳና ጨረሰው። ሃምፕን ታውቀዋለህ፤ ቤቱ እሳት የተነሳበት ይመስል ነው የሚቸኩለው። አሮጊቶቹ ከኋላው ለመድረስ ሲሉ ልባቸው ሊቆም ደረሰ። አባባ ወደ ቤት ስንመለስ “ይሄ ልጅ እባብ እየገደለ ነው እንጂ በትር እየመታ አይደለም” አሉ።

በትሩ ከአያታችን ወደ አባባ፣ ከአባባ ደግሞ ወደ አንተ እንደሚያልፍ አገር ያውቃል። አባባ ወንድ ልጅ አልወለዱም። ያሳደጉት አንተን ነው፤ ከጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው፣ ተረከዝህን በእጃቸው ይዘው ምቱን ያስተማሩትም አንተን ነው። እና የሚጠይቁህ አንድ ነገር ነው። ለሚመጣው ዋዜማ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? የማትመጣ ከሆነ ለሃምፕ ሰጥተውት ይገላገላሉ። ገንዘብ አትላክ። ቃል ላክ።

አባባ “እግሩን እንቅፋት አይምታው” ብለው መርቀውሃል።

የአጎትህ ልጅ ዚላ


ሃርለም፣ ኒው ዮርክ
ጁን 19 ቀን 1938

ለአጎቴ ልጅ ለዚላ፤

ጌታ ጣቶችሽን ይፈውስልሽ፣ የአጎቴ የካቶንም እጅ ያጽናላቸው። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ጥርሴም ትራምፔቴም በቦታቸው ናቸው።

ስለዘገየሁ አትቆጪኝ፤ ደብዳቤሽ ከከተማ ከተማ እየተከተለኝ ነው የደረሰኝ። እዚህ ቤት አለህ ብትይኝ አንድ አልጋ የምከራይባት ክፍል አለችኝ፣ ግን ከአልጋዬ ይልቅ የኦርኬስትራውን አውቶቡስ ወንበር ነው የማውቀው። ሌሊት ለዳንስ እንነፋለን፤ ከዚያ ሆቴሎቹ በራቸው ላይ የለጠፉትን “ለነጭ ብቻ” አንቺም ታውቂዋለሽና ተመልሰን አውቶቡሳችን ውስጥ እንተኛለን። አጠገቤ የሚተኛው ትሮምቦን ነፊ ነው። ተኝቶም ይነፋል።

ዚላ፣ ደክሞኛል። ይህን ለሌላ ሰው አልጽፍም። ከንፈሬ እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። ግን አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳላይ ልመጣ አልችልም።

ኦገስት ላይ ሸክላ እንቀዳለን። አለቃችን ሚስተር ቨርኖን ቴት አዲስ ዜማ አዘጋጅቷል። መሃሉ ላይ ሁሉም ዝቅ ይላል፣ እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ወደ ማይክሮፎኑ እሄዳለሁ፣ ብቻዬን እነፋለሁ። ሁልጊዜ ብቻውን የሚነፋው ሮስኮ የሚባል ሰው ነው፤ መልኩም ንፋቱም ያማረ፣ ይህንንም የሚያውቅ። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ አጃቢ ሆኜ አርጅቻለሁ። ይህኛው ዜማ ውስጥ ግን ሚስተር ቴት ከሮስኮ ሌላ ለእኔም ቦታ ሰጥቶኛል። “ሌም፣ ይቺ ያንተ ናት” አለኝ በሰው ፊት።

ስለዚህ ለአጎቴ እንዲህ በይልኝ። ሸክላው ሲወጣ እልክላቸዋለሁ። ይስሙኝና ይፍረዱ። “የሄደው ለዚህ ከሆነ ደግ አደረገ” ካሉ እዚሁ ልቅር፤ በትሩንም ለፈለጉት ይስጡት። “ይሄ ምንም አይደለም” ካሉ ግን ለዋዜማው እመጣለሁ፣ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሌላ ቃል የለኝም። እስከዚያ ድረስ ለሃምፕ እንዳይሰጡብኝ።

ሌሙኤል


ሲዳር ፖይንት
ጁላይ 3 ቀን 1938

ለአክስቴ ልጅ ለሌሙኤል፤

ያን ሁሉ አገር የሚያዞርህ ጌታ አንድ ቀን ወደ በራችን ያዙርህ። መልስ እንዴት በቶሎ እንደሚሰጥ ተመልከት፤ ብዙም አያምም።

ደብዳቤህን ለአባባ አነበብኩላቸው። የዳንሱ ጋ ስደርስ ፊታቸውን አዞሩ።

“እግር የሚያጣምር ዘፈን ነው እኮ፤ በዙሩ ላይ እግሩን ያጣመረ ጨፈረ ተብሎ ይወጣል” አሉ።

“አባባ፣ እርስዎ የሚሰሙት በእግርዎ ነው እንዴ?”

ሳቁ። “እሱስ እውነትሽን ነው። ኃጢአቱ ያለው እግር ላይ ነው፤ ጆሮ ምን አደረገ?” አሉና “እሺ በይው። እፈርዳለሁ። ግን ፍርዴን ሌላ ሰው እንዳይፈርድልኝ” አሉ።

ግራሞፎን ያላት መምህርት ኢዶላ ብቻ ናት፤ ለምኛት እሺ ብላለች። የሰፈሩ ፀጥታ ገና ካሁኑ ጠፍቷል። ሃምፕ እንኳ “ሌም ሸክላ ላይ ሊወጣ ነው” እያለ የራሱ ሥራ ይመስል ያወራል።

ኦይስተሩ ወቅቱ ስላለፈ ሽሪምፕ እየላጥኩ ነው። ሽታው ከፀጉሬ አይወጣም። ሲመሽ በትሩን በዘይት የማሸው እኔ ነኝ። አባባ ትንሽ ይሞክሩና እጃቸው ሲዝል እኔ ተቀብዬ ወለሉን እመታላቸዋለሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በጭንቅላታቸው ይከተሉኛል። ለሰው አታውራ። ሃምፕ ቢሰማ ዓመቱን ሙሉ ይስቅብኛል።

ዚላ


ሃርለም
ሴፕቴምበር 11 ቀን 1938

ለአጎቴ ልጅ ለዚላ፤

ሰላሙን ያብዛላችሁ። እኔ ደኅና ነኝ።

ቀዳነው። ሌሊቱን ሌላ ከተማ ስንነፋ አድረን፣ ልብሳችንን ሳንቀይር በጠዋት ነው ከአውቶቡስ ወደ ስቱዲዮው የገባነው። ግድግዳው በሙሉ ከባድ መጋረጃ ለብሷል። ሙቀቱን አትጠይቂኝ። ማራገቢያው ድምፅ ያስገባል ብለው አጠፉት። ለዚያ ሁሉ ሰው ከጣሪያ የተንጠለጠለች አንዲት ማይክሮፎን ናት። ከበሮ መቺያችንን ከበሮው ውስጥ ብርድ ልብስ ጠቅጥቀው ጥግ አስቀመጡት፤ የተቀጣ ተማሪ መሰለ።

ከመስታወት ጀርባ ያለው ሰውዬ እንደ ዳቦ የወፈረ የሰም ሸክላ ከሙቅ ቁም ሳጥን አውጥቶ ያሽከረክረዋል፣ መርፌው ድምፃችንን ላዩ ላይ ያርሳል። አንድ ሰው ከሳለ ሰሙ ይላጫል፣ እንደገና ከሀ ይጀመራል። መልሼ ልስማው ካልሽ ደግሞ መርፌው ሰሙን ያበላሸዋል። ስለዚህ ምን እንደነፋ የሚያውቅ የለም፤ ከፋብሪካ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

የመጀመሪያው ሰም ላይ ቀዩ መብራት በርቶ ጥሩ እየሄድን ሳለ ሰውዬው በድምፅ ማጉያው ጮኸ። “ማነው እዚያ ሚስማር የሚመታው?”

ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። እኔ ነበርኩ ዚላ። ተረከዜ። የአጎቴን ምት ሳላውቀው ወለሉ ላይ እየመታሁ ነበር።

“ሌም፣ ጫማህን አውልቅ” አለ ሚስተር ቴት።

ሮስኮ “ቆይ እንጂ፣ ካልሲውን አይታችኋል? እሱም ተቀዶ አፍ አውጥቷል” ሲል ኦርኬስትራው በሙሉ ፈነዳ። በባዶ እግሬ አስቀመጡኝና ኮት አጥፈው ከሥሬ አነጠፉ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ዜማው ደግሞ ረዘመባቸው። አንድ የሸክላ ፊት ሦስት ደቂቃ ከትንሽ በላይ አይይዝም፤ ሚስተር ቴት እርሳሱን አውጥቶ እዚህም እዚያም ቆረጥ ቆረጥ አደረገው። ሥራው እንዲህ ነው። ከዚያ ቀዳነው፣ አለቀ። ትራምፔቱ አምሮበታል ይላሉ።

ሸክላውን ቃሌ ስለሆነ እንደወጣ በፖስታ እልካለሁ። ግን ሳስበው፣ የመምህርት ኢዶላ ግራሞፎን አሮጌ ነው፤ ድምፁን ያበላሸዋል። አጎቴ ባይሰሙትስ? ስመጣ እኔው ብነግራቸው አይሻልም? አንቺ እንደሚመስልሽ አድርጊ።

ደክሞኛል፤ በዚሁ ላብቃ።

ሌሙኤል


ሲዳር ፖይንት
ኖቬምበር 13 ቀን 1938

ለአክስቴ ልጅ ለሌሙኤል፤

የለበስከው እንዲሞቅህ፣ የበላኸው እንዲስማማህ እየተመኘሁ እጽፋለሁ።

ሸክላው ሳይሰበር ደረሰ። “ባይሰሙትስ” ላልከው፣ አገሩ በሙሉ በረንዳችን ላይ ከተሰበሰበ በኋላ ማን ይመልሰው? እንደሚመስለኝ አድርጊ አልከኝ፤ እንደመሰለኝ አደረግኩ።

መምህርት ኢዶላ ግራሞፎኑን አጥብቃ አዞረችው። አባባ በትሩን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። እውነቱን ልንገርህ፣ ሙዚቃው ደስ ይላል። እኔ ፋብሪካውን ረሳሁት። መሃል ላይ አንድ ትራምፔት ብቻውን ሲወጣ ሃምፕ ከደረጃው ላይ ዘለለ። “ሌም ነው! ስሙት! ይሄ ሌም ነው!” በዙሩ የሚዞሩት እማማ ሄስተር አለቀሱ። “እናቱ በሰማች” እያሉ ቀሚሳቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ሕፃናቱ እንኳ ጉንጫቸውን ነፉ።

አባባ “ድገሙት” ብቻ አሉ።

ሲደገም ወንበራቸውን አስጠጉ። የበትሩን አንድ ጫፍ የግራሞፎኑ ሳጥን ላይ አሳረፉ፣ ሌላውን ጫፍ ከጆሯቸው በታች አጥንታቸው ላይ አስደገፉ። እንደዚያ ሆነው እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሱም። ሰዉ እንኳን ደስ ያለዎት እያለ እጃቸውን ጨብጦ ሄደ። ሁለታችን ስንቀር ጠሩኝ።

“ጡሩምባው የሌም አይደለም” አሉ።

“ምን ማለትዎ ነው አባባ?”

“ሌም ከመንፋቱ በፊት ያመነታል። ልጅ ሆኖ ዛጎል ሲነፋም እንደዚያው ነበር። ይሄ ሰውዬ በዕድሜው አንድ ቀን አመንትቶ አያውቅም።”

“ታዲያ ሌም የለበትም?”

“እንዴት የለበትም! ከሥር አለ እንጂ። ነይ፣ እንኪ።” በትሩን ሰጡኝና መምህርቷ ትታልን የሄደችውን ግራሞፎን እንዳዞረው አዘዙኝ። አጥንቴ ላይ አስደግፌ አዳመጥኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ግን፣ ከዚያ ሁሉ ነፊና ከበሮ ሥር፣ ከወለል በታች ሆኖ ክፈቱልኝ የሚል ሰው የመሰለ ማንኳኳት ሰማሁ። የቤታችን ምት ነው ሌም።

“ጫማ የለውም” አሉ አባባ። “ጫማ ቢያደርግ ድምፁ ይደርቅ ነበር።”

ጫማህን ያስወለቁበትን ገጽ አላነበብኩላቸውም ነበር። እንዳያዝኑ ብዬ ዘልዬው ነበር።

ፍርዳቸው ይኸው፤ ቃል በቃል ነው። “ጡሩምባውን ወስደውበታል፣ እግሩን አራቁተውታል። የቀረችው ተረከዙ ናት። እሷን ይዞ ወደ ቤቱ ይምጣ።”

ለሰዉ አልተናገርንም። ሃምፕ ዛሬም የሮስኮን ንፋት በአፉ እያፏጨ “የኛው ሌም” ይላል። እስክትመጣ ይፎክርልህ።

ዚላ


ቶሊዶ፣ ኦሃዮ
ዲሴምበር 8 ቀን 1938

ዚላ፣

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ አንቺንም አጎቴንም። ደብዳቤሽን አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩት። ትሮምቦን ነፊው “ሰው ሞተብህ እንዴ?” አለኝ፤ አልሞተም አልኩት።

እውነታቸውን ነው። የሮስኮ ነው። እርሳሱ ያረፈው እኔ ክፍል ላይ ነው፤ የሮስኮን ማን ይነካል? “ሌም፣ ያንተን እንዝለላት፣ ሌላ ጊዜ” አለኝ ሚስተር ቴት፤ እኔም እሺ ጌታዬ አልኩ። ተነስቼ ወደ ማይክሮፎኑ መሄድ በነበረብኝ ቦታ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን አየሁ። ኮቱን ያን ጊዜ ይሆናል በእግሬ የገፋሁት፤ እኔ አላስታውስም። ሁላችሁም በረንዳ ላይ ተሰብስባችሁ ለሌላ ሰው ንፋት ስታለቅሱ እየታየኝ ነው ያኔ የጻፍኩልሽ። አፈርኩ። አሁን ግን አጎቴ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ተረከዜን ለይተው አወጧት ስትይኝ፣ ዚላ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እዚህ ስንት ዓመት ስኖር የሰማኝ ሰው አልነበረም።

እመጣለሁ። ከገና በኋላ ኦርኬስትራው ያርፋል፣ ባቡር እይዛለሁ፣ ለዋዜማው እደርሳለሁ። ወንበሩን አዘጋጁልኝ። ቀይ ሩዝ ሥሪልኝ፣ የተጠበሰ ዓሣም ካለ።

ሌም


ሲዳር ፖይንት
ጃንዋሪ 3 ቀን 1939

ለአክስቴ ልጅ ለሌሙኤል፤

አዲሱ ዓመት ለከንፈርህም ለእግርህም የዕረፍት ይሁንልህ።

ቴሌግራምህ በዋዜማው ዕለት ደረሰ። ሩዙ እሳት ላይ ነበር። “ለሌላ ሸክላ ተጠራሁ። በእርግጥ ብቻዬን እነፋለሁ። ይቅር በሉኝ።” ቴሌግራም በቃል ስለሚያስከፍል ነው እንጂ ሌላም ትል ነበር ብዬ ልቤን ልሸነግለው ሞከርኩ።

ለአባባ አነበብኩላቸው። ተናድጄ ስለነበር “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” አልኩ። እሳቸው ግን “ተይው። ይንፋ” አሉ። “አንድ ጊዜ ብቻውን ካልነፋ፣ ቢመጣም አይመጣም።” ከዚያ ዓሣህን በሉት። ሩዙንም እኔ በላሁት።

አመሻሹ ላይ ደግፌ ወደ ጸሎት ቤት ወሰድኳቸው። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ በትሩን ያዙ፣ አንድ ጊዜ መቱና አቆሙ። እጃቸውን አዩት። ሃምፕ አጠገባቸው ቆሞ መዳፉን እያፋተገ ነበር፤ ምስኪን፣ በአዲስ ሸሚዝ መጥቷል።

“ዚላ” አሉ አባባ።

ውሃ የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር። በትሩን ዘረጉልኝ።

ዲያቆኑ ተነሱ። “ካቶ፣ ምን እያደረግክ ነው? ሴት በትር ስትይዝ እዚህ ቤት ታይቶ አያውቅም።”

“ታይቶስ አያውቅም” አሉ አባባ። “እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ስሰማው ነው የኖርኩት። አንተም ተቀመጥና ስማ።”

ወንበሩን ለቀውልኝ በእማማ ሄስተር ልጅ ተደግፈው ቆሙ። ተቀመጥኩ። ጣቶቼ ያው እንደምታውቃቸው ናቸው፤ ሲጨብጡ ደሙ። ልቤ ከበትሩ በፊት ይመታ ነበር፤ እሱን ዝም እስኪል ጠበቅኩትና ወለሉን መታሁ። ዘማሪው አመነታ፣ ከዚያ ገባ። ጭብጨባው ገባ። ሴቶቹ መዞር ጀመሩ። እማማ ሄስተር በፊቴ ሲያልፉ ሳይቆሙ ጎንበስ ብለው “እሰይ፣ አሁን ገና እግሬ መሬት አገኘ” አሉኝ። ሃምፕም ቆይቶ ማጨብጨብ ጀመረ። እየቸኮለ፤ ግን አጨበጨበ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው በጭንቅላታቸው እየተከተሉኝ ነበር፣ እንደ ቤታችን።

ሌም፣ እኔ ያደግኩት ከግድግዳው ማዶ ነው። አንተን ተረከዝህን ይዘው ሲያስተምሩህ እኔ ወጥ ቤት ሳህን እያጠብኩ በጣቴ እከተል ነበር። ትይዣለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንተም በእነዚህ ሁሉ ደብዳቤዎች አልጠየቅከኝም። ስለዚህ ለበትሩ ብለህ እንዳትመጣ፤ በትሩ ሰው አግኝቷል። አባባን ለማየት ከሆነ ግን ፈጥነህ ና፤ እየደከሙ ነው፣ ስምህንም ያነሳሉ። አዲሱን ሸክላህንም ላክልን። ቃሌን እሰጥሃለሁ፣ ሳታመነታም ብትነፋ አንተ መሆንህን እናውቃለን።

ደግሞ አንድ ነገር። በዚያኛው ሸክላ ላይ ያለችው ተረከዝህ ትንሽ ትዘገያለች። አባባም ሰምተዋል፤ ዝም ያሉት ስለሚወዱህ ነው።

እኔ አልዘገይም።

የአጎትህ ልጅ ዚላ